ወጣቱ ከፋብሪካ የሚወጣው ሥራ ጠልቶ አይደለም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

በቅርቡ ባወጣችሁት ጽሑፍ በድሬዳዋ የሚገኙ ፋብሪካዎች ሠራተኛ ቀጥረው ማቆየት እንዳቃታቸው፣ ምክንያቱም የወጣቱ «የሥራ ባህል ማነስ» መሆኑን ከድርጅት ኃላፊዎች አንደበት ጠቅሳችሁ አስነብባችሁናል። ጽሑፉ ፋብሪካውን ትተው ስለሚወጡት ሰዎች ብዙ ቢናገርም ከእነርሱ አንዳቸውንም አላነጋገረም። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በዚህችው ከተማ በአንድ ፋብሪካ የደመወዝ ክፍል ስሠራ ቆይቻለሁ፤ አሁን ደግሞ ቤቴ ሆኜ ለጥቂት ትናንሽ ነጋዴዎች የሒሳብ መዝገብ እይዛለሁ። ደመወዝ የሚበላውንም፣ ከደመወዝ ወጥቶ የራሱን ሥራ የያዘውንም በቁጥር የማየት አጋጣሚ ስላገኘሁ፣ ሰው ተቀጥሮ ከመሥራት ይልቅ በግሉ መሥራትን ለምን እንደሚመርጥ የማውቀውን ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

ድሬዳዋ ራሷ ደመወዝ ያቆማት ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ተራራውን ወጥቶ ሐረር መግባት ስላልቻለ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ደረሰ፤ ባቡሩ በቆመበት የከዚራ ሰፈር ተቀየሰ፣ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ደግሞ የመጋላ ሰፈር ሰፋ። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላም ትልቁ የጥገና ሥራ የሚካሄደው እዚሁ ስለነበረ፣ ልጃቸውን ሊድሩ የሚያስቡ የድሬ ወላጆች ስለ ሙሽራው አስቀድመው የሚያጣሩት ምድር ባቡር መግባት አለመግባቱን ነበር፤ ቀጥሎም የአገሪቱ የመጀመሪያው ሲሚንቶ ፋብሪካ ወይም ጨርቃ ጨርቁ ይመጣል። የዚያን ዘመን ደመወዝተኛ ሀብታም ነበር እያልሁ አይደለም። መጋላ ውስጥ ሱቅ የነበረው ነጋዴ ከእርሱ እጅግ የተሻለ ገንዘብ ያገኝ ነበር። ይሁን እንጂ ደመወዝተኛው ጊዜውንና እሺ ባይነቱን ሸጦ በምትኩ አንድ ነገር ይገዛ ነበር፤ እርሱም የመጪውን ወር፣ የመጪውን ዓመትና የእርጅናውን ዘመን ከወዲሁ ማወቅ ነው። አከራዩ የሚያምነው፣ ባለሱቁ ያለ ዋስ ዱቤ የሚሰጠው፣ በእቁብ ዳኛ ፊት ዋስ ሆኖ የሚቆመው እርሱ ነበር። ዝቅ ያለውን ገቢ የሚክሰው ይህ መታመን ነው።

ዛሬ የፈረሰው ይህ ልውውጥ ነው። ተቀጣሪው የሚሸጠው ነገር እንዳለ ሆኖ፣ የሚገዛው ነገር ከገበያ ጠፍቷል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የሙከራ ጊዜን ከ45 ቀን ወደ 60 የሥራ ቀናት አሳድጎታል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ አሠሪው ሠራተኛውን ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ማሰናበት ይችላል። ከሙከራ ያለፈውም ቢሆን ብዙ ጊዜ ባጭር ባጭር ውል እየታደሰለት፣ አንዳንዴም በኤጀንሲ በኩል ስለሚቀጠር፣ ውሉ ሊያልቅ ሲቃረብ ልቡ ይሰቀላል። ያው አዋጅ ውል ለተወሰነ ጊዜ የሚደረግባቸውን ሁኔታዎች ለይቶ ያስቀመጠ ቢሆንም፣ በሕጉና በፋብሪካው በር መካከል ያለው ርቀት ለማንም ሠራተኛ የተሰወረ አይደለም። ዝቅተኛ ደመወዝን በተመለከተም አዋጁ የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ቢገልጽም፣ ለግሉ ዘርፍ የደመወዝ ወለል ሳይወሰን ዓመታት አልፈዋል። ታዲያ እርግጠኝነቱ ከተወሰደበት ሥራ ላይ የቀረው ዝቅተኛው ገቢ ብቻ ከሆነ፣ ወጣቱ ሁለት ዋስትና የሌላቸውን ነገሮች አስቀምጦ ቢያወዳድርና ቢያንስ ሰዓቱ በእጁ የሆነለትን ቢመርጥ ምኑ ይገርማል?

የደመወዝ ሠራተኛ ነበርሁና ሒሳቡን ሳላሳይ ማለፍ አልችልም። ለአብነት በወር 3,000 ብር የሚከፈለውን ሰው እንውሰድ። እስከ 2017 ዓ.ም. የገቢ ግብር ማሻሻያ ድረስ ከዚህ ሰው 307 ብር ከ50 ሳንቲም ግብር፣ እንዲሁም ሰባት በመቶው ማለትም 210 ብር የጡረታ መዋጮ ይቆረጥና 2,482 ብር ከ50 ሳንቲም እጁ ይገባ ነበር። ማሻሻያው ከግብር ነፃ የሆነውን የደመወዝ መጠን ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ስላደረገው ግብሩ ወደ 150 ብር ወርዶ ተከፋዩ 2,640 ብር ሆኗል። ማሻሻያው በጎ ነው፤ ጥቂት ሰዎች ግን ስለ እርሱ ሲናገሩ ሠራተኛው ላይ ሰማይ የተከፈተለት ያስመስሉታል፣ ልዩነቱ ግን በወር 157 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። ከዚህ ላይ የምሳ፣ የፋብሪካው ሰርቪስ በማይደርስበት ሰፈር ላለ ሰው የባጃጅ፣ የእድርና የቤት ኪራይ ይወጣል። የጡረታ መዋጮውን ነገር ደግሞ ብዙ ሰው በቅጡ አላሰበበትም። የእርጅና ጡረታ ለማግኘት ቢያንስ የአሥር ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል። በዓመት በዓመት ውል የሚሠራና መቼ እንደሚሰናበት የማያውቅ ወጣት፣ አሠሪው 11 በመቶ እየጨመረለት መሆኑን ብትነግሩትም እንኳ፣ ይህን ገንዘብ የራሱ አድርጎ አይቆጥረውም። ደመወዝ ስከፍል በመስኮቱ በኩል በተደጋጋሚ የተጠየቅሁት ጥያቄ «ጋሼ፣ ይቺን ጡረታ የምትሉትን ብትተዉልኝ አይሆንም?» የሚል ነበር።

ከደመወዙ ማነስ ይልቅ የሚከፈልበት ጊዜ ሰውን ከፋብሪካ እንደሚያስወጣ ብናገር የሚጠራጠረኝ ይኖራል። ሆኖም በገንደ ቆሬ ወይም በሳቢያን በኪራይ ቤት የሚኖር ድሃ ቤተሰብ የሚበላው በቀን ነው፤ ዘይቱን በትንሽ ጠርሙስ፣ ስኳሩን በሩብ ኪሎ፣ ከሰሉን በጣሳ ይገዛል። ደመወዝ ግን በወር አንዴ ይመጣል። በመካከሉ ያለውን ጊዜ የሚሞላው የባለሱቁ ዱቤ ነው፤ ዱቤ ደግሞ በነፃ አይሰጥም፤ ዋጋው ላይ ይጨመራል፣ ወይም በዱቤ የሚገዛ ሰው ሌላ ሱቅ ሄዶ ቅናሽ የመፈለግ መብቱን ያጣል። ስለዚህ ወሩ ሲያልቅ ደመወዙ ሠራተኛው ቤት ሳይደርስ ባለሱቁ ዘንድ ያድራል። በአንጻሩ ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ትርፏ ከዚያ ሠራተኛ ደመወዝ ያነሰ ቢሆን እንኳ ማታ ማታ እጇ ላይ ገንዘብ ስላለ በጥሬው ትገዛለች፣ የቀን እቁቧን ትጥላለች፣ ልጇ ቢታመም ወሩ እስኪያልቅ አትጠብቅም። ኢኮኖሚስቶች ሁለቱን ገቢዎች ሲያነጻጽሩ በወር ደምረው ያስቀምጧቸዋል፤ ደሃው ግን ገቢውን በወር ደምሮ አይኖረውም።

«የሥራ ባህል» የተባለው ክስ ዋናው ማስረጃው ሠራተኛው ያለ ፈቃድ መቅረቱ ነው። እኔም የቀሪዎችን ስም እየመዘገብሁ ከደመወዛቸው ስቆርጥ ስለኖርሁ ቁጥሩ ትንሽ እንዳልሆነ አልክድም። ነገር ግን የቀሩበትን ምክንያት መጠየቅ ተገቢ ነው። አዋጁ ለቅርብ ዘመድ ሞት የሦስት የሥራ ቀናት ፈቃድ ከነክፍያው ይሰጣል፤ የትዳር ጓደኛን፣ ወላጅን፣ ልጅንና እስከ ሁለተኛ ደረጃ ያለውን የሥጋም የጋብቻም ዘመድ ይጨምራል። ጎረቤትን ግን አይጨምርም። ድሬዳዋ ውስጥ ደግሞ ጎረቤት ሞቶ ቀብር ያልወጣ፣ ድንኳን ያልተከለ፣ ለቅሶ ያልተቀመጠ ሰው ነገ የእርሱ ቀን ሲመጣ ማን ይቆምለታል? የመድን ኩባንያ የማያውቀው ሰው መድኑ እድሩና ሰፈሩ ነው፤ ቀብር መውጣት ደግሞ የመድኑ መዋጮ ነው። ከሥራ የቀረው ሠራተኛ ይህን መዋጮ እየከፈለ ነበር። ፋብሪካው ዘላቂ ዋስትና እሰጥሃለሁ ቢለው ምናልባት ከሰፈሩ ይልቅ ፋብሪካውን ያስቀድም ይሆናል፤ በሙከራና በአጭር ውል የያዘውን ሰው ግን በምን አንደበት ጎረቤትህን ተው ይለዋል? በግሉ የሚሠራው ሰው ሱቁን ዘግቶ ወይም ዕቃውን ለጎረቤት ሻጭ አደራ ብሎ ቀብር ይሄዳል፤ የቀኑን ገቢ ቢያጣም ሥራውን አያጣም።

የሴቶቹ ጉዳይ ከዚህም ይከብዳል፤ በስፌትና በማሸግ ሥራ ላይ የሚቀጠሩት በአብዛኛው ሴቶች ስለሆኑ ፋብሪካዎቹ አጣናቸው የሚሏቸውም እነርሱው ናቸው። አዋጁ ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ፈቃድ ከሙሉ ደመወዝ ጋር ይሰጣል። ይህ በግሏ የምትሠራ ሴት በሕልሟም የማታየው መብት ነው፤ ቡና የምታፈላ ሴት በወለደች ማግሥት ገቢዋ ይቆማል። እንዲህ ሆኖ ሳለ ግን ሴቶቹ ከፋብሪካው ይወጣሉ። ከእናቶች የሰማሁት ምክንያት ያው አንድ ነው፦ ፈቃዱ ሲያልቅ ሕፃኑን የት ያኖሩታል? በስምንት ሰዓት ፈረቃ፣ መንገዱ ሲታከልበት ከአሥር ሰዓት በላይ ከቤት ለምትርቅ እናት ሞግዚት መቅጠር ማለት ደመወዟን አሳልፋ መስጠት ነው። ጉልት ላይ ግን ሕፃኑ አጠገቧ ይተኛል፤ ትልቋ ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሚዛኑን ትይዛለች። ማታ ከሰል ላይ ሳምቡሳ የሚጠብሱ፣ ወይም በማለዳ የግመል ወተት ይዘው የሚገቡ ሴቶችን ጠይቁ፤ ስለ ነፃነትና ስለ ሥራ ፈጠራ ከመናገራቸው በፊት ስለ ልጆቻቸው ይነግሯችኋል።

በዚህ ላይ የድሬን ፀሐይ ጨምሩበት። ቀትር ላይ ከተማው በሙሉ በሩን ገርበብ አድርጎ ጥላ ይዞ እንደሚቀመጥና ገበያው ዳግመኛ ወደ ማታ እንደሚነቃ እዚህ የኖረ ሁሉ ያውቃል። የነጋዴው ቀን ከአየሩ ጋር ተስማምቶ የተሠራ ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ባለው አዳራሽ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ቆሞ መሥራትን የሚሸሽ ሰው ስንፍና አለበት ከማለታችን በፊት፣ ያን ኃላፊ ከቢሮው ማራገቢያ ሥር አንሥተን እዚያው ብናቆመው መልካም ነበር። ይህን የምለው የእኔም ክፍል ማራገቢያ ስለነበረው ጭምር ነው።

ሐረር ግድር መጋላ አጠገብ መኪና ግርግር የተባለውን መንገድ ያየ ሰው ልብስ ሰፊዎቹን አይዘነጋም። በጠባቡ መንገድ ግራና ቀኝ የስፌት መኪናቸውን ደጃፍ ላይ አውጥተው፣ ጨርቅ ገዝቶ የመጣውን ሰው እዚያው ለክተው ይሰፋሉ። በልብስ ፋብሪካ ያለችው ልጅም ሰፊ ናት፤ መርፌው፣ ክሩ፣ ፔዳሉ አንድ ነው። ሆኖም የሐረሩ ሰፊ ቀሚሱን ከመቁረጥ እስከ ቁልፍ ያዘጋጃል፣ ዋጋውን ከደንበኛው ጋር ይከራከራል፣ ያበላሸው እንደሆነ ይሰደባል፣ ያሳመረው እንደሆነ ደንበኛዋ እህቷን ይዛ ትመጣለች። የፋብሪካዋ ልጅ ቀኑን ሙሉ አንዲት ኪስ ወይም አንድ የእጅጌ ጠርዝ ትሰፋለች፤ በሰዓት ስንት መስፋት እንዳለባት ሌላ ሰው ይወስናል፤ ዓመት ሠርታ ስትወጣ አንድ ሙሉ ሸሚዝ መስፋት ላታውቅ ትችላለች። ይህ ከደመወዙም ከሰዓቱም የተለየ ጉዳይ ነው፤ በግል የሚሠራ ሰው ሙያው ከዓመት ዓመት በእጁ ላይ ይከማቻል፣ ስሙም ከሙያው ጋር ያድጋል። የፋብሪካው ሠራተኛ ግን የሚማረው ፋብሪካው ውስጥ ብቻ የሚያገለግል ነገር ከሆነ፣ መቆየቱ ነገ ለሌላ ነገር አያበቃውም። ድርጅቶች ከስፌት ወደ ቁጥጥር፣ ከቁጥጥር ወደ ኃላፊነት የሚያሳድግ መሰላል ዘርግተው ቢያሳዩ ኖሮ ብዙዎች እንደሚቆዩ አምናለሁ፤ እኔ ካየኋቸው መካከል ረዥም ዘመን የቆዩት ከሞላ ጎደል ከፍ የሚሉበት ቦታ የታያቸው ናቸው፤ መካኒኮች፣ ኤሌክትሪሺያኖች፣ የማሽን ኦፕሬተሮች።

ስለ ስድብ ረጅም አልጽፍም፤ ፎርማኑ በሰው ፊት ያዋረደው ወጣት በነጋታው ሳይመጣ ሲቀር ቅጹ ላይ «ሥራ በመተው» ተብሎ ይሞላል።

ሰዎች ከፋብሪካ የሚለቁበትን ጊዜ አስተውዬ ነበር፤ ይልቁንም ደህና ሠራተኞቹ የሚለቁበትን። ብዙዎቹ የሚወጡት እቁብ በደረሳቸው ወር ነበር። ይህም ለእኔ ትልቅ ነገር አስተምሮኛል። ለእነዚህ ሰዎች ቅጥሩ መድረሻቸው ሆኖ አያውቅም፤ መነሻ ገንዘብ የሚጠራቀምበት ማረፊያ ነው። የባንክ ብድር መያዣ ይፈልጋል፣ የጥቃቅንና አነስተኛ ብድርም ተደራጁ፣ ቆጥቡ፣ ተራ ጠብቁ ይላል፤ እቁብ ግን የሚፈልገው በየወሩ ሳያቋርጥ የሚጥል ሰውና አንድ ዋስ ነው። ደመወዝ ለዚህ ይመቻል። ስለዚህ ወጣቱ ተቀጥሮ፣ እቁብ ገብቶ፣ ዕጣው እስኪወጣለት ይታገሣል፤ ሲወጣለት ታይዋን ሰፈር የስልክ መለዋወጫ የሚሸጥበት ጠረጴዛ ይከራያል፣ ወይም ከአጎቱ ጋር ሆኖ ለባጃጅ ቅድሚያ ክፍያ ይከፍላል። ሌላው ደግሞ ጅቡቲ ወይም ዐረብ አገር ካለች እህቱ የሚላክለትን ጠብቆ ይወጣል። በውጭ አገርም የተደረጉ ጥናቶች ውርስ ወይም ድንገተኛ ገንዘብ ያገኙ ሰዎች ከሌሎች ይልቅ ወደ ግል ሥራ እንደሚሄዱ አሳይተዋል፤ ስለሆነም ተቀጥሮ የቀረው ሁሉ ቅጥር ወዶ ነው፣ የወጣውም ሁሉ ልዩ የነጋዴ ተሰጥኦ ይዞ ነው ማለት አይቻልም። አንዳንዱ የቀረው እቁቡ ስላልደረሰው ነው።

በራሳችን አገር የተደረገውን አንድ ምርምር ደግሞ መጥቀስ እፈልጋለሁ፤ ነገሩ በስሜት ብቻ የተያዘ እንዳይመስል። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን የተባሉ ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ በሚገኙ አምስት ድርጅቶች ለመቀጠር ያመለከቱ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን በዕጣ በሦስት ከፈሏቸው። አንደኛው ክፍል ሥራው ተሰጠው፤ ሁለተኛው 300 ዶላር ገደማ የሚሆን ገንዘብና አጭር የንግድ ሥልጠና አገኘ፤ ሦስተኛው ምንም ሳይሰጠው እንደፊቱ በራሱ መንገድ ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ውጤታቸው እንደሚያሳየው ሥራውን ካገኙት አብዛኞቹ በወራት ውስጥ ለቀቁ፤ ገቢያቸውም ምንም ካልተሰጣቸው ሰዎች የተሻለ አልሆነም፣ ጤናቸው ግን ተጎዳ። ገንዘቡን ያገኙት ደግሞ ከዓመት በኋላ ገቢያቸው በአንድ ሦስተኛ ገደማ አድጎ ተገኘ። እስከዚህ ድረስ ያለውን የግል ሥራ አሞጋሾች ደስ ብሏቸው ይጠቅሱታል። ተመራማሪዎቹ ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲያዩ ግን በሦስቱ ክፍሎች መካከል የነበረው ልዩነት ጠፍቶ ነበር፤ ፋብሪካ የተላኩትም፣ ገንዘብ የተሰጣቸውም፣ ያልተሰጣቸውም ወደ አንድ ተቀራረቡ።

ይህ የመጨረሻው ውጤት እኔ ከምይዛቸው መዝገቦች ጋር ይስማማል። ሰው ወደ ግል ሥራ ለምን እንደሚሄድ ብገልጽም፣ ከዚያ ሄዶ የሚያገኘውን በወርቅ ቀለም መቀባት አልወድም። ትናንሽ ነጋዴዎች ትርፋቸውን ሲያሰሉ የራሳቸውን ጉልበት ዋጋ አይቀንሱም፤ ሚስት የምትቀመጥበትን ሰዓት፣ ልጅ የሚላላክበትን ሰዓት ከነጭራሹ አይቆጥሩትም። እኔ ቆጥሬ ሳሳያቸው አንዳንዶቹ በቀን ሠራተኛ ዋጋ የማይከፈላቸው ሆነው ይገኛሉ፤ ይሥቁና መዝገቡን ይዘጉታል። ቲማቲሙ በድሬ ሙቀት በሁለት ቀን ይበሰብሳል። ደንብ አስከባሪ መጥቶ ዕቃውን ሲያነሣ የሚከራከርለት ማኅበር የለም። ግብር በግምት ሲጣልበት ገቢውን የሚያስረዳበት ደረሰኝ የለውም። የታመመ እንደሆነ ደግሞ ልዩነቱ ይከፋል፦ ተቀጣሪ ቢታመም በሕጉ መሠረት የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ ያገኛል፣ ለተጨማሪ ሦስት ወራትም ያለ ክፍያ ቢሆን ቦታው ይጠበቅለታል፤ ባለሱቁ ግን በታመመ በሳምንቱ የሱቁን ዕቃ መብላት ይጀምራል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ሲመጣ ከብዙ ሰዎች ሕይወት ጋር በወንዙ ዳር የነበረው የገበያው ሀብትም እንዴት እንደተወሰደ የምናስታውስ ሰዎች፣ በግል መሥራት ጎርፉንም ብቻ ተሸክሞ መነሣት መሆኑን እናውቃለን።

ስለዚህም ይመስለኛል ብልህ የሆነው የድሬ ቤተሰብ ከሁለቱ አንዱን የማይመርጠው። አንዱ ደመወዝተኛ ይሆናል፣ ሌላዋ ትነግዳለች። ባል መሥሪያ ቤት ይገባል፣ ሚስት ጫት ወይም ልብስ ትሸጣለች፤ ወይም ልጅቱ ትቀጠርና ወንድሟ ባጃጅ ይነዳል። ደመወዙ የቤት ኪራይንና የእቁቡን መዋጮ ይይዛል፣ ንግዱ ዕለታዊውን ምግብ ይይዛል፤ ሁለቱ ይደጋገፋሉ። ጋዜጦችና የመንግሥት ሪፖርቶች ሰውን አንድ በአንድ እየነጠሉ «ተቀጣሪ»፣ «የግል ሥራ» እያሉ ሲመድቡት ይህ ቤት አይታያቸውም። ወጣቱ ከፋብሪካ ሲወጣም ብዙ ጊዜ በቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው ደመወዝ ስላገኘ ነው፤ ማለትም የእርሱን ድፍረት የከፈለችለት እህቱ ናት።

ነሐሴ 2014 ዓ.ም. በአገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠና እዚሁ ድሬዳዋ ሥራ ሲጀምር፣ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ጋር ተዳምሮ ከተማችን ዳግመኛ የደመወዝተኛ ከተማ ትሆናለች የሚል ተስፋ በብዙዎቻችን አድሮብን ነበር፤ በእኔም ዛሬም አለ። ለሐዲዱ ሥራ ከየአገሩ የመጡት ሰዎች ፀሐዩን ችለው የቀሩት ስለ ሥራ ባህል ስለተሰበከላቸው አልነበረም። መኖሪያ፣ ሕክምናና ጡረታ ያለው ሥራ ስለነበረ ነው። አሁንም ፋብሪካዎች ሰው እንዲቆይላቸው ከፈለጉ ደመወዙን በወር ሁለቴ ወይም በሳምንት ቢከፍሉ፣ ግቢ ውስጥ የሕፃናት ማቆያ ቢከፍቱ፣ የሙከራ ጊዜውን ያለፈ ሠራተኛ ውሉ ቋሚ መሆኑን በጽሑፍ ቢያረጋግጡለት፣ ከሚያጡት ሠራተኛና አዲስ ሰው ለማሠልጠን ከሚያወጡት ገንዘብ አንጻር ወጪው ብዙ አይሆንም። ይህን የምለው የምልመላና የሥልጠና ወጪን ከደመወዙ ጎን ለጎን መዝግቤ ስላየሁት ነው። ደንብ አስከባሪዎችም በበኩላቸው በጉልት ያለችውን ሴት ማሳደዳቸውን ትተው ጥላና ሚዛን ያለው ቦታ ቢሰጧት፣ ቢያንስ የሄደችበት መንገድ ገደል አይሆንባትም ነበር።

ከእናንተ ደግሞ አንድ ነገር እለምናለሁ። በጋዜጣችሁ የመጨረሻ ገጾች ላይ በየሳምንቱ የሚወጡትን የሥራ ማስታወቂያዎች አነባለሁ። የትምህርት ደረጃው፣ የሥራ ልምዱ፣ ዕድሜው፣ አንዳንዴ ጾታው ሳይቀር በዝርዝር ይጻፍና ደመወዝ የሚለው ቦታ ላይ ሲደረስ «በስምምነት» ይባላል። ከመኖሪያው ተነሥቶ፣ የባጃጅ ከፍሎ፣ ማስረጃውን ፎቶ ኮፒ አስደርጎ፣ ወረፋ ጠብቆ ገብቶ ስንት እንደሚከፈለው የሚነገረው ወጣት ከማን ጋር ምን ተስማምቶ ነው? ቀፊራ ላይ የሽንኩርቱ ዋጋ ከሩቅ ተጠይቆ ይታወቃል፤ የሰው ጉልበት ዋጋ ግን ተደብቆ ይሸጣል። ስለ ወጣቱ የሥራ ባህል የሚቀጥለውን ጽሑፍ ከማውጣታችሁ በፊት፣ ማስታወቂያ የሚያስነግሩ ድርጅቶች የደመወዙን መጠን፣ የውሉን ዓይነትና የፈረቃውን ሰዓት እንዲጽፉ ብትጠይቁ፣ ፈቃደኛ ያልሆኑትንም ለምን እንዳልሆኑ ጠይቃችሁ መልሳቸውን ብታስነብቡን ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ጡረተኛ የደመወዝ ክፍል ሠራተኛ
ድሬዳዋ፣ ከዚራ